ጥርስ ሠሪው በፍጻሜው ቀን

ጥርስ ሠሪው ልጁ ስትጫወት አይቶ አያውቅም። ይህን የሚሰማ ሁሉ አባትነቱን ይጠራጠራል። ልጅቱ የብሔራዊ ቡድን ተከላካይ ናት። የዓለም ሴቶች የሜዳ ሆኪ ሻምፒዮና የሚካሄደው በገዛ ከተማቸው ነው። ስታዲየሙም ከሥራ ቦታው ብዙ አይርቅም። ሰውዬው ግን በየጨዋታው ቀን በሩን ገርበብ አድርጎ የመሞረጃ ማሽኑን ሲያስጮኽ ይውላል። ማሽኑ የሚጮኸው ለሥራ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን እንዳይሰማውም ጭምር ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ባለቤቱ ትደውልና "ደህና ናት" ትለዋለች። ስንት ለስንት እንደወጡ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይረሳዋል።

በሰውዬው ከመፍረድ በፊት ግን ልጁ የምትሠራውን ማወቅ ደግ ነው። በሜዳ ሆኪ የማዕዘን ቅጣት የሚሉት ነገር አለ። በረኛዋና አራት ተከላካዮች ከበሩ መስመር ላይ ይቆማሉ፤ ተከላካዮቹ የፊት ጭምብል ያጠልቃሉ። ኳሷ ከዳር ተገፍታ ስትወጣ ከአራቱ አንዷ ቀድማ፣ በቀጥታ፣ ወደ መቺዋ ትሮጣለች። ምቱን በዱላዋ ታቆማለች፤ ካልሆነላትም በገላዋ። ኳሷ ደግሞ ኳስ ተባለች እንጂ ከድንጋይ የምትሻልበት ነገር የለም። ያቺ ቀድማ የምትሮጠው የእሱ ልጅ ናት። ጓደኞቿ "ጥይት" ይሏታል። አባቷ ስሙን አይወደውም። "ጥይትስ የሚተኮስ ነው፤ እሷ የሚተኮስባት ናት" ይላል።

አምና የፈራው ደረሰ። ኳሷ ከበሩ ስትርቅ ጭምብል ማውለቅ ደንብ ነውና፣ አውልቃ ጥላ ስትዞር የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ዱላ አፏን አገኘው። ተጫዋቾች የሚነክሱት የላስቲክ ጥርስ መከላከያዋ የት ነበር? ካልሲዋ ውስጥ። ሲጎረብጣት አውጥታ ካልሲዋ ውስጥ መወሸቅ የቆየ ዐመሏ ነው። ሁለት የፊት ጥርሶቿ እዚያው ሜዳ ላይ ቀሩ። አባቷ ከግራና ከቀኝ ጥርሶቿ ጋር የተያያዘ፣ ድልድይ የሚሉትን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠራላት። ብዙ ሰው ጥርስ አስገብቶ አፉን ሞልቶ እንዲስቅ አድርጓል፤ ይህንን ግን ሦስት ጊዜ አፍርሶ ሠራው።

እናቷ ያኔ አንድ ነገር ብቻ አለችው።

"ከእንግዲህ እሷን አትቆጣ። ካልሲ ውስጥ የማይገባ ሥራላት።"

ገባው። የማይጎረብጥ ከሆነ አታወጣውም። ከዚያ ወዲህ መከላከያዋን እንደ ዓይን ብሌኑ ተጠንቅቆ ይሠራል፤ ልጅቱም ካልሲዋን ተወችው። በግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ግን የነበራትን አኝካ ጨረሰችው። አመሻሹ ላይ አዲስ ሠራላትና ባለቤቱ ጠዋት ወደ ቡድኑ ሆቴል ይዛላት ሄደች። ጥርስ ሠሪውም የፍጻሜውን ቀን እንደልማዱ ማሽኑ ሥር ተወሽቆ ሊያሳልፈው ተቀመጠ።

በእጁ የያዘው የአንድ ጡረተኛ መምህር የታች ጥርስ ነበር። ሞርዶ ሲጨርስ ጀሶውን ወደ ቦታው ሊመልስ ብድግ አለ። ይህ ቤት የሚሠራው በጀሶ ነው። የደንበኛው አፍ ይለካል፣ በልኩ ጀሶ ይፈሳል፣ ጥርሱ በጀሶው ላይ ይሠራል፤ ደንበኛው ወስዶ ከተስማማው በኋላ ጀሶው ይጣላል። የማይጣለው የልጁ ብቻ ነው። ታችኛው መደርደሪያ ላይ የወተት ጥርሶቿ አሉ፤ ከዚያ እንደ ጥንቸል ጥርስ ሁለቱ ብቻ ጎልተው የወጡበት ዘመን አለ፤ ከዚያ ትልቅ ሴት የሆነችበት፣ ከፊት ለፊት ትንሽ ፍንጭት ያለበት። በመጨረሻ ከአደጋው በኋላ የተለካው አዲሱ አለ፤ ድልድዩ ፍንጭት የለውም። ሐኪሟ ፍንጭቱን መልሶ ማምጣት ድልድዩን ያዳክመዋል ብሎ ስለከለከለ ነው።

አንድ ልማድ ደግሞ አለው። የመከላከያውን ላስቲክ ጀሶው ላይ ከመጫኑ በፊት የት ላይ እንደሚቆርጠው እንዲያውቅ በድዱ ዙሪያ በእርሳስ መስመር ያሰምራል፤ የልጁን ግን መከላከያው ከተስማማት በኋላ አጥቦ ያጠፋዋል። ዓይኑ እንዲሁ ሲንከራተት አዲሱ ጀሶ ላይ አረፈ። ጀሶው ንጹሕ ነው። መስመር የለውም። አጠገቡ ያለውን፣ ፍንጭት ያለበትን፣ አነሳው። መስመሩ አለ። በጣቱ ሲነካው እርሳሱ ጣቱን አጠቆረው።

ክው አለ። ትናንት አመሻሽ ላይ እጁ የለመደውን አንስቷል። በሌሉ ጥርሶች ልክ ነው የሠራላት። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ አይደርስበትም፤ ያለፈውን ጀሶ ይጥለዋላ። እሱ ግን እነዚያን ሁለት ጥርሶች ስላሳዘኑት መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ በየቀኑ ያያቸዋል።

ቀሪውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። መከላከያው ከፊት ክፍት ይሆናል፣ ከጎን ድልድዩን ይጫነዋል፣ ልጅቱ ትታገሠዋለች፣ ከዚያ ትማረራለች፣ ከዚያ ካልሲ። ለባለቤቱ ደወለ። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። በዚያ የስታዲየም ጩኸት መካከል ስልክ የሚሰማ ጆሮ ያለው ማነው? ወደ ቡድኑ ወጌሻም ደወለ፤ የእሷማ ጭራሽ ዝግ ነው።

መቼም እጁ ያውቃል። አዲሱን ጀሶ ማሽኑ ላይ አስቀመጠ፣ ላስቲኩን አሞቀ፣ ላስቲኩ ለስልሶ ሲረግብ ጀሶው ላይ ጫነው። እዚህ ድረስ ፈጣን ነው። ቀሪው ግን መጠበቅ ነው። ሳይበርድ ከተላቀቀ ይኮማተራል፤ ከተኮማተረ ያው ከመጀመሪያው አይሻልም። ጥርስ ሠሪው ወዲያ ወዲህ እየተንቆራጠጠ፣ ላስቲኩን እፍ እያለ፣ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ግማሽ ግማሹን እያለ ቆየ። ከጎረቤት የብዙ ሰው ጩኸት መጣ። የደስታ ይሁን የድንጋጤ ለመለየት አልቻለም። ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ሲበርድለት ቆረጠ፣ ጠርዙን አለሰለሰ፣ በትንሽ ሳጥን ከተተና ነጭ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ ወጣ።

መንገዱ ጭር ብሏል። አንድ ባለታክሲ ብቻ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ ሬዲዮ ያዳምጣል።

"ስታዲየም አድርሰኝ፣ ልጄ።"

"ትኬት አለዎት?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ምን ያደርጋሉ? እዚሁ ይቀመጡና አብረን እንስማ።"

"ልጄ እዚያ ናት።"

"ዛሬ ልጁ እዚያ ያልሆነ ማን አለ?" ባለታክሲው ይህን ቢልም ቁልፉን አዞረ።

ጥርስ ሠሪው ከኋላ ገብቶ በሩን እንደዘጋ፣ "ደግሞ እባክህ ሬዲዮውን ዝጋልኝ" አለ።

ባለታክሲው በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብሎ አየው። "ጋሼ፣ ታክሲው የኔ ነው፤ ሬዲዮውም የኔ ነው። ዛሬ ሬዲዮ ዝጋ የሚል ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በሰላም ነው?"

ጥርስ ሠሪው ሳጥኑን ከፍቶ አሳየው። "ጥይት የምትሏት ልጄ ናት። ይህ ካልደረሰላት ጥርሷን ታጣለች።"

ባለታክሲው ሬዲዮውን ዘጋ። ከዚያ በኋላ የነዳበትን አነዳድ እዚህ መናገር አያስፈልግም፤ ትራፊክ ፖሊሶቹም ቴሌቪዥን ሥር ነበሩ። ግን ሰው ነውና አልቻለም፤ በየመስቀለኛው መንገድ ሬዲዮውን ከፈት አድርጎ መልሶ ይዘጋል።

"አንድ ለዜሮ እየተመራን ነው" አለ በመጨረሻ፣ ሐዘኑን ብቻውን መያዝ ከብዶት።

"አልጠየቅኩህም" አለ ጥርስ ሠሪው። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የተጎዳ ሰው አለ አሉ?" ሲል ጠየቀ።

"የለም።"

"እንግዲያው ንዳ።"

የስታዲየሙ በር ላይ የቆመችው ጥበቃ ቆፍጠን ያለች ሴት ናት። ትኬት ልትጠይቀው እጇን ዘርግታ ነበር፤ ጋዋኑን ስታይ ሰበሰበችው።

"ሐኪም ነዎት?"

ውሸት አይሆንለትም። "የጥርስ ነኝ" አለ።

"ማን ተመታ?"

ሳጥኑን ከፍ አድርጎ አሳያት። "ማንም አልተመታ። ሳይመታ ልድረስ ብዬ ነው።"

ሴትዮዋ ጥቂት አሰበች። "ሐኪም ሁሉ እንደርስዎ ሳንታመም ቢመጣ" አለችና አሳለፈችው።

በመተላለፊያው ሲወጣ የሜዳው አረንጓዴ ዓይኑን ወጋው። ምንጣፉ ውሃ ጠጥቶ ያብለጨልጫል፤ ኳሷ በሄደችበት ሁሉ ውሃ ትረጫለች። የሕዝቡ ድምፅ ደረቱ ውስጥ ይሰማዋል። ወጌሻዋ፣ ደልደል ያለች ሴት፣ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ዳር ሆና አየችውና አፏን በእጇ ያዘች። የቡድኑን ሁሉ መከላከያ የሚሠራው እሱ ስለሆነ በደንብ ታውቀዋለች፤ ሜዳ እንደማይመጣም ታውቃለች።

"ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?"

"መቼ ነው የሚያርፉት?"

ከአፉ ሳይጨርስ ከአራቱ ክፍለ ጊዜ የሦስተኛው ማብቂያ ተነፋ። ልጆቹ እየሮጡ መጡ። ጥርስ ሠሪው ከፊታቸው ይልቅ ጥርሳቸውን ነው የሚያውቀው፤ ክራንቻዋ ወጣ ያለው አምበሏ፣ ጥርሷን ሌሊት የምታፋጨው በረኛዋ። ሁሉም መከላከያቸውን እንደነከሱ ናቸው። መጨረሻ ላይ የመጣችው ልጅ ግን ባዶ አፏን ነበረች። አባቷን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

"አባዬ? እማዬ ምን ሆነች?"

እሱ እዚህ የሚመጣው አንድ መዓት ቢደርስ ነው፤ ልጅቱ ከዚህ ሌላ ልታስብ አትችልም። ጥርስ ሠሪው ይህን ሲረዳ አፈረ።

"እናትሽ ደህና ናት። እላይ ሆና ትጮኻለች። መከላከያሽ የት አለ?"

ዓይኗ ወደ ካልሲዋ ሄደ፤ እዚያ ላይ አንድ እብጠት አለ።

"አልቆጣሽም" አለ ቶሎ ብሎ። "ጥፋቱ የኔ ነው። በድሮው ጥርስሽ ልክ ነው የሠራሁልሽ። እጄ የድሮውን ጀሶ አነሳ።"

የልጅቱ ትከሻ ቀስ ብሎ ወረደ። "እኔ ደግሞ ድልድዩ የተነቃነቀ መስሎኝ" አለች። "መከላከያው አላስቀምጥ ሲለኝ ጊዜ ድልድዩ ተበላሸ አልኩ። ብናገር ያስወጡኛል ብዬ ለማንም ሳልተነፍስ ቀረሁ። ከጠዋት ጀምሮ በምላሴ ስነካው ነው የዋልኩት።"

"አፍሽን ክፈቺ።"

ከፈተች። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ድልድዩን ይዞ ወዘወዘው። ንቅንቅ አላለም። አዲሱን መከላከያ አስገባላት፤ ጠቅ ብሎ ገባ።

"ንከሺ።"

ነከሰች። ከግራ ነከሰች፣ ከቀኝ ነከሰች፣ በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ሁለቱም ያን ያህል ነገር ተሸክመው እንደነበር ያወቁት ያኔ ነው። አሰልጣኟ ግን ለእንዲህ ያለ ነገር ጊዜ አልነበራትም፤ "ማነው ሰውዬው?" አለች። "የጥርሳችን ሰው ነው" አለች ወጌሻዋ። ልጆቹ ወደ ሜዳ ተመለሱ።

ጥርስ ሠሪው ሊሄድ ነበር። ግን ወጌሻዋ የውሃ ሣጥን ደፍታ፣ "የት ይሄዳሉ? በሩ ተዘግቷል፣ እዚሁ ይቀመጡ" አለችና ትከሻውን ተጫነችው። እውነት ተዘግቶ ይሁን አይሁን እስካሁን አልጠየቃትም። እንዲህ ሆኖ ነው ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ የልጁን ጨዋታ ለማየት የተቀመጠው፤ ዓይኑን ገልጦም ጨፍኖም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ቅጣት ተሰጠባቸው። ተከላካዮቹ ጭምብላቸውን አጠለቁ። አራቱም አንድ ዓይነት ሆኑ፤ እሱ ግን በአቋቋሟ ለያት። ኳሷ ከዳር ወጣች። ልጁ በረረች። ይህን ያህል ትሮጣለች ብሎ አስቦም አያውቅ። ምቱ ዱላዋን አግኝቶ ወደ ጎን ተፈናጠረ፤ ሕዝቡ ጮኸ። ጭምብሏን አውልቃ ወረወረች፣ የተተፋችውን ኳስ ልታገኝ ጎንበስ አለች፤ ልክ ያኔ ከኋላዋ የመጣችው አጥቂ ዱላዋን ሰነዘረች።

ድምፁ እሱ እስከተቀመጠበት ድረስ ተሰማ። ልጅቱ ወደቀች። ዳኛዋ ፊሽካዋን ነፋች። ወጌሻዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በዚያ ገላዋ ስትሮጥ፣ ጥርስ ሠሪው የተቀመጠበትን ሣጥን ግጥም አድርጎ ያዘ። ወጌሻዋ ተንበረከከች። የልጅቱ ጭንቅላት አይታይም። ከዚያ ልጅቱ ቀና ብላ ተቀመጠች። መከላከያውን ከአፏ አወጣች፣ ምላሷን በጥርሶቿ ላይ አንድ በአንድ አዞረች፣ ወጌሻዋን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ሁሉም አለ። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ትንሽ ደምቷል፤ ሌላ ምንም የለም። እንደ ደንቡ ደሙ እስኪቆም ወጥታ ትንሽ ቆየችና መከላከያዋን አጥባ፣ መልሳ ነክሳ፣ ገባች።

ጥርስ ሠሪው ነፍሱ መለስ አለች። እፎይታው ከእግር ጣቱ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ፤ ፊቱ ጋ ሲደርስ ሳቅ ሆነ። ሲስቅ እንባው ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር አያውቀውም። የማብቂያው ሲነፋ ልጆቹ አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ ተዘረሩ፣ አምበሏ ፊቷን በሸሚዟ ሸፈነች፣ ሕዝቡ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አንድ ለዜሮ። ዋንጫው ለእንግዶቹ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል አንድ ሰውዬ ብቻ ጋዋን ለብሶ፣ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ሠርግ የተጠራ ይመስል ፊቱ በርቷል። ከኋላው ካለው መቀመጫ አንድ ተመልካች "ይሄ ደግሞ የማን ነው? የእነሱ ደጋፊ ነው?" ሲል ሰማው። አንጀቱ ቅቤ ጠጥቷልና አልከፋውም።

ባለቤቱ በደረጃው ወርዳ ከአጥሩ ማዶ ቆመች። ዓይኗ አብጧል። ባሏን ስታይ ለቅሶዋ ቆመ።

"አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ደህና ናት" አላት።

በሕይወታቸው ይህን ነገር እሱ ለእሷ ሲነግራት የመጀመሪያው ነበር።

ሜዳሊያ ሲሰጥ ልጆቹ በተርታ ቆሙ። የብሩ ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ ሲገባ እንኳ አብዛኞቹ መሬት መሬት ነው የሚያዩት። አንድ ፎቶ አንሺ ግን ይህን ሐዘን ለጋዜጣ ሊወስደው አልፈለገም። ፊት ለፊታቸው ተንበርክኮ፣ "እስቲ ልጆች፣ ፈገግ በሉ! ሜዳሊያውን ነከስ አድርጉት!" አለ። ሰውዬው ጥፋት የለበትም፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። አምበሏ ነከሰች። በረኛዋ ነከሰች። ጥይትም እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ያንን ብረት ወደ አፏ፣ ወደ ፊት ጥርሶቿ፣ አስጠጋችው።

"ተይ! በድልድዩ አትንከሺ!"

ስታዲየሙ ለመዝሙሩ ጸጥ ብሎ ስለነበር የጥርስ ሠሪውን ጩኸት ያልሰማ አልነበረም። ሹማምንቱ ዞሩ። ዳኞቹ ዞሩ። ዋንጫውን ያሸነፉት እንግዶች እንኳ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው ዞሩ። ባለቤቱ ከአጥሩ ማዶ "ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ" አለች። ልጅቱ ሜዳሊያውን አፏ አጠገብ እንደያዘች ቀረች። ከዚያ አምበሏ መሳቅ ጀመረች፤ መከላከያዋን የሚሠራላት ያው ሰውዬ ነውና ነገሩ ገብቷታል። ሳቁ በተርታው ዞሮ ጥይት ጋ ደረሰ።

ሥርዓቱ ሲያበቃ እየሮጠች መጣች። ላቧና የምንጣፉ ውሃ አንድ ላይ ይንጠባጠባል።

"እንግዲያው አንተ ንከስልኝ" አለችውና ሜዳሊያውን አፉ ላይ ደገነችበት።

ጥርስ ሠሪው የሚነካካውን ብረት ሳይመረምር አይቀርም። ገልበጥ አድርጎ አየው፣ በክራንቻው በኩል ቀስ ብሎ ነከሰው። ፎቶ አንሺው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብልጭ አደረገበት።

"ጥሩ ቅይጥ ነው" አለ ጥርስ ሠሪው።

ልጁ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና ግንባሯን ጋዋኑ ላይ ጣለች። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ልምምድ፣ አንድ ጎል። እጁን ጭንቅላቷ ላይ አደረገ።

"ተሸነፍን እኮ፣ አባዬ።"

"አዎ፣ እናትዬ" አለ። ሐዘኗን ሊካፈላት ከልቡ ፈለገ፤ ፊቱንም ለዚያ የሚሆን ፊት ሊያደርገው ሞከረ። ልጁ ቀና ብላ አየችው። ከንፈሩን አጠበቀ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ፣ ወደ መሬት አየ፤ አልሆነለትም።